ምስክሩ በገልባጭ መኪና ሲጫን

የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት ባለቀ ማግሥት፣ ወላጆቻችንን ለመጠየቅ የተነሣን አምስት ጓደኛሞች ገና ወፍ ሳይንጫጫ አውቶቡስ ተራ ደርሰን ነበር። እዚያ ስፍራ ሌሊትና ቀን አንድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ረዳቱ የሚሄድበትን አገር ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ተሸካሚው ሻንጣ ይሻማል፤ ሻይ ሻጪቱ ከሰሏን ታራግባለች። ከአጥሩ ማዶ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይታይ ነበር። ኤክስካቫተሩ አፈሩን እየዛቀ ይጭናል፤ ገልባጭ መኪናዎቹም ሳይነጋ ከከተማው ለመውጣት ይጣደፋሉ።

አውቶቡሳችን እስኪሞላ ስንጠብቅ ከአጠገባችን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ክርክር ገጠሙ። የክርክሩ ርእስ አንባቢ ደኅና አድርጎ የሚያውቀው ነው፦ ይህች ከተማ የማን ናት? አስቀድሞ የሰፈረባትስ ማን ነው? አንደኛው «በራራ» የተባለችውን ጥንታዊት ከተማ ጠራ። ሁለተኛው «ፊንፊኔ» ሲል መለሰ። አንደኛው የነገሥታትን ታሪክ ጠቀሰ፤ ሁለተኛው የአባቶቹን ጎሣ ቆጠረ። ድምፃቸው እየጨመረ፣ ሰውም እየከበባቸው ሄደ። ከሁለቱ አንዳቸውም ሆኑ ከከበቧቸው ሰዎች አንዱ፣ እኛም ጭምር፣ ፊታችንን ወደ ጉድጓዱ አላዞርንም። ሙግቱ ስለ መሬት ነበር፤ መሬቱ ግን ከጀርባችን እየተጫነ ይሄድ ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ያ ጧት ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይኸውና፦ በአገራችን ልማድ ያለ ምስክር ሙግት አይጸናም። ስለ አዲስ አበባ ጥንታዊ ነዋሪዎች የምንሟገት ሁላችን ከመጽሐፍና ከአፈ ታሪክ በቀር ገና በወጉ ያልጠየቅነው አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም አፈሩ ነው። የዚህን ምስክር ቃል ሳንቀበል በየሌሊቱ ጭነን እንደፋዋለን። ሙግቱን ማንም ወገን ይርታ፣ ምስክሩ ከጠፋ የሚከስረው ሁሉም ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የምናውቀውን እንመልከት። አውቶቡስ ተራ የሚገኝበት አዲስ ከተማ ስሙ እንደሚናገረው አዲስ ነው። ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ያደረገው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የቆየው የኢጣልያ መንግሥት ነው፤ ይኸውም ነጮችንና የአገሩን ሰው ለያይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት ነበር። መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያ የቀረ ነው። ከዚህ ወደ ኋላ ስንሄድ እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡበትን 1879 ዓ.ም. እናገኛለን። ከዚያም በፊት በዚሁ አገር የቱለማ ኦሮሞ ከብቱን ያሰማራና ያርስ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ጉለሌና የካ የሚሉት የሰፈር ስሞች ዛሬም የጎሣ ስሞች ናቸው።

ከዚያም ወደ ኋላ ሲሄዱ ወሬው እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ አይቋረጥም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1450 ገደማ በቬኒስ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በራራ የተባለች ከተማ በሐበሻ ምድር ተጽፋ ትገኛለች። ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ኢጣልያ የተጓዙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ይህችን ከተማ ጠቅሰው ስለ መንገዳቸው የተናገሩት በቬኒስ ሰዎች እጅ ተጽፎ ቀርቷል። በ1521 ዓ.ም. በሽንብራ ኩሬ ጦርነት ኢማም አሕመድ ድል ካደረጉ በኋላ በሸዋ ከተሞችና አብያተ ክርስቲያናት ላይ የደረሰውን የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ተርኮታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሐርትዊግ ብሬተርኒትዝና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ስላሉት የመካከለኛው ዘመን ሰፈሮች በተደረገ ቅኝት ላይ ተመሥርተው ስለ በራራ ጥናት አሳትመዋል። በየካ ተራራም ዋሻ ሚካኤል የተባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ካርታው ስም ይሰጠናል፤ የመንገደኛው ቃል አቅጣጫ ይሰጠናል፤ የጎሣው ትውፊት የትውልድ ሐረግ ይሰጠናል። ነገር ግን ሰዎቹ በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ ነበር? ምን ይዘሩ፣ ምን ይበሉ ነበር? ከማን ጋር ይነግዱ ነበር? አንዱ ሰፋሪ ሲመጣ ሌላው ጨርሶ ሄደ ወይስ ተቀላቅሎ ቀረ? ይህን ካርታውም አይነግረን፣ ዜና መዋዕሉም አይነግረን። የዜና መዋዕል ጸሐፊ የንጉሥን ግብር እንጂ የባላገርን ምድጃ አይቆጥርም።

«ታዲያ ይህን ያህል ትልቅ ከተማ ከነበረ ፍርስራሹ የታለ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ጓደኞቻችን እንሰማለን። ይህ ጥያቄ የሚመነጨው በትምህርት ቤት ካደረብን አንድ ልማድ ነው። ታሪክ ሲባል ለእኛ ድንጋይ ነው፦ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር፣ የጎንደር ግንብ። ድንጋይ ያልተወልን ሕዝብ ጭራሽ ያልነበረ ይመስለናል። ቋንቋችን ግን ከእኛ ይልቅ ያስታውሳል። «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የንጉሥ ሠራዊት የሚከትምበት ሰፈር ማለት ነበር እንጂ የግንብ ቤት ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን መናገሻ ሲገልጽ በሥርዓት የተደረደረ ታላቅ የድንኳን ሰፈር አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ሲነሣ የሚተወው የካስማ ጉድጓድ፣ የምድጃ አመድ፣ የተሰበረ ገልና አጥንት ነው። የባላገሩም ጎጆ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ምሰሶው ሲበሰብስ የሚቀረው በመሬት ውስጥ ክብ የሆነ የጠቆረ አፈር ብቻ ነው። የሠለጠነ ዓይን ያንን ክብ አይቶ «እዚህ ቤት ቆሞ ነበር» ይላል። ኤክስካቫተር ግን አያይም፤ በአንድ ዘቅታ መቶ ዓመት ይዝቃል።

ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ የሚገባው ደግሞ ረግረጉና የወንዝ ዳሩ ነው። ውሃ ያረገዘ መሬት አየር ስለማያስገባ እንጨትን፣ ቆዳንና የእህል ዘርን ሳይበሰብሱ ብዙ ዘመን ሊያቆያቸው ይችላል። ከእንጦጦ እየወረዱ ከተማችንን የሚያቋርጡት ወንዞች ዳርቻ በእኛ ዘንድ እስከ ትናንት የቆሻሻ መጣያ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እየተቆፈረ መናፈሻ ይሆናል። ማማሩ ደስ ይላል። ሲቆፈር ግን ማን ቆሞ አየው?

ነገሩ ከንቱ ምኞት እንዳይመስል በሌላው ዓለም የሆነውን እንናገር። በእንግሊዝ አገር የቴምዝ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አቅራቢያ፣ ከረግረጉ ከፍ ባለ የጠጠር መሬት ላይ ሙኪንግ የሚባል ስፍራ አለ። ጠጠሩ ለግንባታ ይፈለግ ስለነበረ ማሽኖች ይቆፍሩት ጀመር። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ግን በመሬቱ ውስጥ ጥንታዊ ሰፈር መኖሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1978 ድረስ ማርጋሬትና ቶም ጆንስ የተባሉ ባልና ሚስት ከማሽኖቹ እየቀደሙ ሲቆፍሩ ቆዩ። አብረዋቸው ከሠሩት በሺህ ከሚቆጠሩ ፈቃደኞች ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። የጠጠሩ ሥራ ሳይቀር ታሪኩም ተጻፈ።

ምን አገኙ? የንጉሥ ግንብ አላገኙም። ያገኙት ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እዚያ የሰፈሩት አንግሎ ሳክሶኖች የኖሩባቸውን፣ ወለላቸው በጥቂቱ ወደ ታች የተቆፈረ ከሁለት መቶ በላይ ትናንሽ የእንጨት ጎጆዎች ምልክት ነው። ከጎጆዎቹ የቀሩት ጉድጓዶችና የምሰሶ ክቦች ብቻ ነበሩ። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ከእነርሱ በፊት በሮማውያን ዘመን፣ ከዚያም በፊት በብረትና በነሐስ ዘመን ሰው ይኖር እንደ ነበረ ታየ። በአንድ እርሻ ላይ የብዙ ዘመን ሰው አሻራ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥነው እንግሊዞችም እንደ እኛ «ማን ቀደመ? ማን መጣ? ማን ማንን አባረረ?» እያሉ ለብዙ ዘመን የተከራከሩ በመሆናቸው ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ቤዳ የተባለው መነኩሴ ከባሕር ማዶ ስለ መጡት ነገዶች የጻፈው ለዚህ ክርክር መሠረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ከጥንታዊ መቃብሮች የተገኙ አጥንቶች የዘር ቅንጣት ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ የዚያ ዘመን ሰዎች ከትውልድ ሐረጋቸው በአማካይ ከመቶ 76 ያህሉ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ መምጣታቸው እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ነባሮቹም አልጠፉም፤ የመጤና የነባር ልጆች ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ በአንድ የመቃብር ስፍራ ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኙ። «መጡ» ያለው ወገን እውነት ነበረው፤ «አልጠፋንም» ያለውም እውነት ነበረው። ይህን የፈረደው ጩኸት ሳይሆን መሬት ነው።

ደግሞስ ስለምን ሩቅ እንሄዳለን? ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ያን ስፍራ ለዓለም ያስታወቀው ዤራር ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነበር እንጂ አርኪኦሎጂስት አልነበረም። ለሌላ ሥራ ሄዶ የተጠረበ ድንጋይ አየ፤ አይቶም ዝም አላለም። ከዚያ በኋላ ዣን ሻቫዮን፣ ቀጥሎም የኢጣልያ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ብዙ ዓመት ቆፈሩ። በጎምቦሬ በተባለው ክፍል ከ700,000 ዓመት በፊት በአንድ ትንሽ ኩሬ ዳር ጭቃ የረገጡ ሰዎች ዱካ ተገኘ፤ ከዱካው መካከል የሕፃናትም አለበት። አጠገቡ የጉማሬ አጥንትና ጉማሬው የታረደባቸው የድንጋይ ስለቶች ነበሩ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ሰውዬው ያየውን ባይናገርስ ኖሮ?

ወደ ጉድጓዳችን እንመለስ። ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ማንኛውም ሰው ማዕድን ሲፈልግ፣ ሕንፃ ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቆፍር ቅርስ ቢያገኝ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ነገር ግን ሌሊት በመብራት የሚቆፍረው የማሽን ነጂ ገል ቅርስ መሆኑን ማን ነገረው? ያገኘ እንደሆነስ ማንን ይጠራል? ቢጠራስ ሥራው ቆሞ ከደሞዙ እንደማይቀነስበት ማን ዋስ ይሆነዋል? ሰው ያላወቀውን ሕግ አላከበረም ብለን ብንወቅሰው ወቀሳው ተመልሶ በተማርነው ላይ ነው።

አሳባችንን ለሌሎች ስናካፍል ሁለት መቃወሚያዎች ቀርበውልናል። የፊተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሕዝቡ ቤትና ሥራ አጥቶ ሳለ እናንተ ስለ ገል ትጨነቃላችሁ። ግንባታ አንድ ቀን ሲቆም ስንት የቀን ሠራተኛ ጦሙን እንደሚያድር ታውቃላችሁ?» ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእኛም መካከል አባቱ የቀን ሠራተኛ የሆነ አለ። እኛ ግን ግንባታው ይቁም አላልንም። የምንለው አፈሩ ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ይየው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀንና ስፍራው ይጻፍ ነው። ከባድ ነገር የተገኘ እንደሆነ ለሁለትና ለሦስት ቀን በዚያች ማዕዘን ብቻ ይታገሡ፤ በሌላው በኩል ሥራው ይቀጥል። የሠራተኛውም የቀን ሒሳብ አይቆረጥ። በሚሊዮን ለሚቆጠር ብር ሕንፃ ይህ ከቀለም ዋጋ አይበልጥም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከፊተኛው የከበደ ነው። «ተዉ፤ ይህ ነገር አይነካ። ቢቆፈር አንዱ ወገን መሬቱ የኔ ነው ለማለት ይጠቀምበታል፤ ደም ያፈሳል» የሚሉን አሉ። ፍርሃታቸውን እንረዳለን፤ በዘመናችን ያየነው አያስቅም። ነገር ግን አለመቆፈር ሙግቱን አላበረደውም። እንዲያውም ማስረጃ በሌለበት ሜዳ ድምፁ የገነነ ይፈርዳል። ገል የርስት ደብተር አይደለም። ገል የሚነግረን ማሰሮው መቼ እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ተበሰለበት፣ ሸክላው ከየት እንደ መጣ ነው፤ ሠሪዋ በምን ቋንቋ ልጇን እሹሩሩ ትል እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። በከሰል ላይ የሚደረገው የካርቦን 14 ምርመራ እሳቱ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ይናገራል፤ ዛሬ በዚያ ስፍራ ማን መኖር እንደሚገባው ግን አይናገርም። ዛሬ አብሮ የመኖር መብት ከአጥንት ጥንታዊነት የሚመነጭ ከሆነ የጎምቦሬ ሕፃናት ሁላችንንም ያስወጡናል። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ባለ ርስቱን ለመለየት የሚደረግ ቁፋሮ ሳይሆን ጎረቤታሞቹን ለማወቅ የሚደረግ ቁፋሮ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ምን ይደረግ ለሚለው መልሳችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የከተማው አስተዳደር የመሠረት ቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ ከፈቃዱ ጋር አንዲት ገጽ ወረቀት ይስጥ። በወረቀቷ ላይ ገል፣ አመድ፣ መቃብር፣ የተጠረበ ድንጋይ ሲገኝ ምን መደረግ እንዳለበት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ሥዕልም ተጨምሮበት፣ የሚጠራው ሰው ስልክም ተጽፎ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከመካከለኛው ዘመን ወሬ የሚሰማባቸውን ስፍራዎች፣ እንዲሁም የወንዝ ዳሩን፣ አስቀድመው በካርታ ላይ ያመልክቱ። ማሽን ከገባ በኋላ መሮጥ ምንም ሩጫ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። መንግሥትን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ራስን መጠየቅ ይከብዳል። የአርኪኦሎጂ ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቻችን ለልምምድ ወደ ሩቅ አገር እስኪላኩ ይጠብቃሉ፤ የታሪክ ተማሪዎች የሆንነውም በቤተ መጻሕፍት ስለ በራራ እናነባለን፤ በየመንገዳችን ግን የተከፈተ ጉድጓድ እያለፍን እንሄዳለን። ስለዚህ በማኅበራችን ሥር አንድ የጉድጓድ ተመልካች ቡድን ይቋቋም ብለን እናሳስባለን። መምህራን ምን እንደሚታይ ያሳዩን። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሁለት ሆነን፣ ባለቤቱን በትሕትና አስፈቅደን፣ ደብተርና ሜትር ይዘን እንቁም። በእጃችን ያለው ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ስፍራውንም ይመዘግባል። ምንም ነገር ከመሬት አናነሣም፤ እንመዘግባለን፣ ለሚመለከተው እናስታውቃለን። ምንም ያልተገኘበትም ጉድጓድ ይጻፍ፤ «እዚህ ምንም የለም» ማለትም ምስክርነት ነው።

ምናልባት መቶ ጉድጓድ አይተን በዘጠና ዘጠኙ ምንም አናገኝ ይሆናል። አውቶቡስ ተራም ያ ጉድጓድ ከቀይ አፈር በቀር ምንም ያልነበረበት ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነን ግን ይህንኑ እንኳ ለማለት አለመቻላችን ነው። አፈሩ ሄዷል፤ በየት ሜዳ እንደ ተደፋ የሚያውቀው ነጂው ብቻ ነው።

ያን ቀን አውቶቡሱ ሞልቶ ስንነሣ ሁለቱ መንገደኞች በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ከተማውን ከመውጣታችን በፊት አንዱ ለሁለተኛው ዳቦ ቆርሶ ሰጠው፤ ክርክሩንም ቀጠሉ። እኛም ይህን አይተን ተጽናናን። የሚከራከር ሰው ገና አልተቆራረጠምና። ለእነርሱና ለልጆቻቸው እውነተኛ ምስክር ማቅረብ ግን የተማረ ሰው ዕዳ ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ጉድጓዱም ቅርብ ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።